ልጅ ባለበት ቤት ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ማስተካከል፦ ከወለሉ ጀምሩ

ስለ ልጆች ደኅንነት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሳቢያ መቆለፊያና ከሶኬት መክደኛ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች፣ የቀበሌ ቤቶችና ሰርቪስ ቤቶች ቦይለር ስንሰቅል፣ መስመር ስንዘረጋ፣ በርና መደርደሪያ ስንገጥም የምናየው ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከሰሉ ወለል ላይ ነው፤ ምጣዱ ከወለል ብዙም አይርቅም፤ ውሃ የተጠራቀመበት ባልዲ ወለል ላይ ነው፤ በረኪናውም ከሲንኩ ሥር ወለል ላይ ነው። መዳህና መራመድ የጀመረ ልጅ የሚውለውም እዚያው ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የመደባችሁት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያለውን አንሱ፣ ክደኑ ወይም ቆልፉበት፤ መሳቢያው ይቆያል።

ከፍታውን በሜትር ለኩ እንጂ በግምት አትተዉት። የሁለት ዓመት ልጅ ቁመቱ ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። እጁን ሲዘረጋ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነገር ይደርስበታል። የወጥ ቤት ጠረጴዛና ሲንክ ከፍታ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጠርዙ ላይ ያለ ቢላዋ፣ ሻይ ያለበት ብርጭቆ ወይም የተንጠለጠለ የውሃ ማፍያ ገመድ በቀላሉ ይወርድለታል። ትኩስና ስለት ያለው ነገር ሁሉ ከጠርዙ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ይግባ። ገመዱን አሳጥራችሁ ከጀርባ እሰሩት። ጫፉ ወደ ታች የሚወርድ የጠረጴዛ ልብስ ልጁ እስኪያድግ ድረስ ይነሳ። ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት በርጩማ እየጎተተ መውጣት ሲጀምር ግን ከፍታ ብቻውን አያድንም፤ ያኔ የግድ ቁልፍ ያስፈልጋል።

የተጠራቀመ ውሃ

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መታጠቢያ ቤቱ በባልዲ፣ በሳፋና በበርሜል የተሞላ ነው። ብዙ ወላጅ እሳትን ይፈራል፤ ባልዲን ግን አይፈራም። መፍራት አለበት። ለሕፃን 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ለመስጠም ይበቃል፤ ሲሰምጥም ድምፅ አያሰማም፣ ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው ምንም አይሰማም። ባልዲ ከሌላው የሚከፋበት ምክንያት አለው፦ የሕፃን ክብደት ወደ ጭንቅላቱ ያደላል፣ ክንዱ ደግሞ ገላውን ወደ ላይ ለመመለስ ገና ጉልበት የለውም። ውስጡ የወደቀ ኩባያ ሊያነሳ ሲያጎነብስ በጭንቅላቱ ይገባል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ሲሞላ ከባድ ስለሆነ አብሮት አይገለበጥም።

ውሃ በአፈ ሰፊ ዕቃ አታጠራቅሙ። ጀሪካን ከባልዲ ይሻላል፤ ክዳኑ ቢጠፋ እንኳ አፉ ጠባብ ነው። በርሜል የግድ ከሆነ ከላይ በብረት ቀለበት የሚጠብቀውን ዓይነት ግዙ። ዝም ብሎ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ክዳን ልጅ ሲደገፈው ይሸሻል፤ ድንጋይ ወይም ሳፋ መጫንም መፍትሔ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ክዳኑን በየጊዜው መክፈት የማያስፈልግ ማድረግ ነው። በርሜሉ ላይ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ በ21 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱና ግማሽ ኢንች ቧንቧ ግጠሙ፤ ከውስጥም ከውጭም የጎማ ዋሸር ይግባበት፣ ከውስጥ በኩል በዳዶ ይጥበቅ። የሚያፈስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቀዳዳው በጋለ ብረት ስለተበሳ ነው፤ ጠርዙ ስለሚያብጥ ዋሸሩ አይገጥምለትም። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በጠረጴዛ ወይም በእንጨት በርጩማ ላይ አይቀመጥም። ብሎኬት ደርድራችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብታደርጉት ጆግም ባልዲም ከሥሩ ይገባል።

ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ አያድር። ያለቀበት ባልዲ ተደፍቶ ይቀመጥ፤ ቀና ብሎ ከቆመ ከቧንቧ የሚንጠባጠበው ብቻ ሌሊቱን ሊሞላው ይችላል። ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች የውሃ ማጠራቀሚያ ካለ ክዳኑ ከብረት ይሠራ፣ ጓጉንቸር ይኑረው።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ከውጭ በኩል፣ ከወለሉ 1.50 ሜትር ከፍታ ላይ መቀርቀሪያ ግጠሙ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከምንገጥማቸው ዕቃዎች ሁሉ ግን ይህን ያህል የሚያድን የለም፤ ባልዲውን፣ የሽንት ቤቱን ሳህን፣ ቦይለሩንና ሳሙናውን በአንድ ጊዜ ይዘጋል። የውስጡን መቀርቀሪያ ደግሞ ልጅ ወደማይደርስበት ከፍ አድርጉት ወይም ንቀሉት። ራሱ ላይ ቆልፎ ውሃ የከፈተን ልጅ ከኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ለማውጣት በሩን መስበር ነው የሚቀረው፤ መስኮቱ ሰው አያስገባም።

ገላ ማጠብ

ሳፋ ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ የፈላው ይግባ። ተገላቢጦሹ አደገኛ የሚሆነው የፈላ ውሃ ብቻ ያለበት ሳፋ ወለል ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ልታመጡ ስትሄዱ ነው። የልጅ ገላ መታጠቢያ ውሃ 37 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ደግሞ ወደ 18 ዲግሪ ነው ብንል፣ አንድ ጆግ የፈላ ለሦስት ጆግ ቀዝቃዛ ሲገባ 36 ወይም 37 ዲግሪ ይመጣል። ይህ ልክ አዳማ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ውሃው ሲፈላም ይበልጥ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛውም ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ለአዳማ አንድ ለአራት፣ ለድሬዳዋ አንድ ለአምስት ይሻላል። ወቅቱም ልዩነት ስላለው በጆጉ ልክ ብቻ አትመኑ። ውሃውን በእጃችሁ በደንብ አማስላችሁ በክርናችሁ ወይም በአንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል ፈትኑ። መዳፍ ትኩስ ድስት ስለለመደ አይታመንም። ፎጣው፣ ሳሙናው፣ ልብሱ ሁሉ ልጁ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እጃችሁ አጠገብ ይሁን፤ ስልክ ቢጠራ ወይም በር ቢንኳኳ ልጁን ይዛችሁ ውጡ። የስድስት ዓመት እኅት ሕፃን ለመጠበቅ አትበቃም።

ሴራሚክ ወለል ሳሙና ሲነካው ያንሸራትታል። በቱቦው በኩል ውሃው የሚቋጥር ከሆነ ማዘንበያው ተበላሽቷል ማለት ነውና ይሠራ። ከሥሩ የሚስብ ጎማ ያለው ምንጣፍ ለስላሳና ሰፊ ሴራሚክ ላይ ይይዛል፤ ትንንሽ ሴራሚክ ላይ ግን በመጋጠሚያው አየር ስለሚገባ ይንሸራተታል። እዚያ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ የሆነ ተለጣፊ ይሻላል።

ቦይለር

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነውና።

ቦይለር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሊትሩን ይጠይቃል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግድግዳው ነው። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃ ሲሞላ ከ65 ኪሎ በላይ፣ ባለ 80 ሊትሩ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር የሚይዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የብሎኬት ገጽ ብቻ ስለሆነ እየላላ ይሄዳል። ከቦይለሩ ጀርባ ከላይ በኩል ክፍተት ካያችሁ ወይም በፊሸሩ ዙሪያ ልስኑ ከተሰነጠቀ ከሥሩ ማንም አይታጠብ። ትክክለኛው አሰቃቀል ወይ የኮንክሪት ኮለን ወይም ቢም ላይ በብረት ፊሸር መያዝ ነው፣ ወይ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ባለ ጥርስ ዘንግ ግድግዳውን አልፎ በሌላው በኩል 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ላሜራ አስገብቶ በዳዶ ማጥበቅ ነው። በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች ክፍሎቹ የተከፈሉት አግሮስቶን በሚባለው ቀላል የግድግዳ ሰሌዳ ነው፤ እሱ ላይ ቦይለር አይሰቀልም።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ብዙዎቹ ቦይለሮች ሲገዙ እስከ 70 ወይም 75 ዲግሪ እንዲያሞቁ ተደርገው ነው የሚመጡት። 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ጠልቆ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ቀጭን ስለሆነ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስድበት። 50 ዲግሪ ሲሆን ግን ለመቃጠል ደቂቃዎች ስለሚፈልግ ልጁን ለመሳብ ጊዜ ይኖራችኋል። በአንጻሩ ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሁልጊዜ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ሳንባ የሚጎዳ ባክቴሪያ ይራባበታል። ስለዚህ ጥሩው መንገድ ታንከሩን 60 ላይ አድርጎ ወደ ሻወሩ በሚሄደው መስመር ላይ ቴርሞስታቲክ ሚክሰር (ትኩሱንና ቀዝቃዛውን ቀላቅሎ ሙቀቱን በአንድ ልክ የሚይዝ ዕቃ) መግጠምና ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ላይ መቆለፍ ነው። ሚክሰር መግዛት ካልተቻለ የቦይለሩን የሙቀት መቆጣጠሪያ (ቴርሞስታቱን) 50 ላይ አውርዱ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ልጆች በማይታጠቡበት ሰዓት ወደ 60 ከፍ አድርጋችሁ አሙቁት፣ ከዚያ መልሱት።

ቴርሞስታቱን ለማስተካከል መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ብቻ አትመኑ። የታችኛውን ክዳን ብሎኖች ፈትታችሁ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት በቴስተር መብራት አለመኖሩን አረጋግጡ። ቁጥር ያለበትን ትንሽ ክብ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደሚቀንሰው በኩል አዙሩ። ክዳኑን መልሳችሁ አብሩ፤ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ ትኩሱን ብቻ ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ካፈሰሳችሁ በኋላ በምግብ ቴርሞሜትር ለኩ። ክቡ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ከቧንቧ የሚወጣው ውሃ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ የሚታመነው ቴርሞሜትሩ ነው።

ሻወሩ ድንገት የሚያቃጥልበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቦይለሩ ሳይሆን ቧንቧው ነው። ቦይለሩ ከሮቶ፣ ቀዝቃዛው ከመንገድ መስመር የሚመጣ ከሆነ የሁለቱ ግፊት አይመጣጠንም። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ወይም የመንገዱ ውሃ ሲደክም ቀዝቃዛው ይቀንስና ልጁ ላይ የሚወርደው ትኩሱ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ፣ በተለይም ሁለቱንም ከሮቶ መሳብ ነው። ቴርሞስታቲክ ሚክሰርም ያለዚህ በትክክል አይሠራም። ሲገዛም ቀዝቃዛው ሲቋረጥ ትኩሱን ራሱ የሚዘጋ ዓይነት መሆኑን ጠይቁ፤ ከተገጠመ በኋላ የቀዝቃዛውን ጌት ቫልቭ ዘግታችሁ ፈትኑት፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ውሃው መቆም ወይም ጠብ ጠብ ማለት አለበት።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለችው የግፊት ቫልቭ ውሃው ሲሞቅ ብታንጠባጥብ ደህና ነው፤ ሥራዋ ነው። ያንጠባጥባል ብሎ መድፈን ወይም በሷና በቦይለሩ መካከል ሌላ መዝጊያ ማስገባት ግን ታንከሩን መተንፈሻ ያሳጣዋል። ቀጭን ላስቲክ አገናኝታችሁ ወደ ቱቦው አውርዱት።

ኤሌክትሪኩ ላይ ሦስት ነገር አይታለፍም። አንደኛ፣ ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ሆኖ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ይሁን። ሁለተኛ፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (መብራት ከመስመሩ ሲያመልጥ ራሱ የሚቆርጥ ዕቃ) ይግባ፤ የመሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ ተጫኑት፣ ካልቆረጠ ይቀየር። ሦስተኛ፣ እውነተኛ ኤርዝ (ያመለጠውን መብራት ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ይኑር። አርሲዲ ያለ ኤርዝ የሚቆርጠው ሰው ከነካው በኋላ ነው፤ ኤርዝ ሲኖር ግን ብረቱ መብራት እንደያዘ ወዲያው ይቆርጣል። ኤርዝ የሌለው ቤት ውስጥ አንዳንድ ሠራተኞች የቦይለሩን የኤርዝ ሽቦ ከኒውትራል ጋር ያስሩታል። ይህ ከሁሉ የከፋ ሥራ ነው፤ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ የቦይለሩ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም አይሆንም፤ ዛሬ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነውና ወደ መሬት አያወርድም። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን ፈጣን ማሞቂያ ልጅ ባለበት ቤት አንመክርም፤ 5 ኪሎዋት ያህል የሚወስደው በእርጥብ ገላ አናት ላይ ሆኖ ነው፣ ኤርዙም መስመሩም ጥርት ያለ ካልሆነ ምሕረት የለውም።

ወጥ ቤት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው፤ የተለመደው ሶኬት የመጨረሻ አቅም ማለት ነው። ለዚህ ነው የምጣድ ሶኬት ጠቁሮ፣ ቀልጦ የምናገኘው። ምጣዱ የራሱ መስመር ይኑረው፦ ከማከፋፈያው ቀጥታ የመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ እንዲሁም ከሶኬት ይልቅ የራሱ ትልቅ ማብሪያ። ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አይሰካ። የምጣዱ ቆርቆሮ አካል ኤርዝ ይያዝ። ሸክላው ከተሰነጠቀ የሊጡ ውሃ ወደ ሽቦው ይወርድና ቆርቆሮው መብራት ይይዛል፤ ስትነኩት የሚነዝር ምጣድ በጫማና በደረቅ ጨርቅ እየተጠነቀቁ የሚጋገርበት አይደለም፣ ሸክላው ይቀየር።

የምጣዱ መቀመጫ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ እግሮቹ ሰፋ ብለው ይቁሙ። አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል፤ መጀመሪያ ከእናንተ በተቃራኒው በኩል ይከፈት። ልጅ አዝሎ መጋገር ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ነው፤ የሚያቆየው ሰው ስለሌለ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የታዘለ ልጅ እጁ በትከሻችሁ በኩል ይዘረጋል፣ እንፋሎቱም ያገኘዋል። ለመጋገሪያው ሰዓት ጎረቤት ወይም አባት ልጁን ይያዝ፤ ሰው ከሌለ ልጁ ሲተኛ ይጋገር። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ሸክላው ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ከመብራት ተነቅሏል ማለት በርዷል ማለት አይደለም። አክንባሎው እንደተከደነ ይቆይ፣ በሩም ይዘጋ።

ሽቦው በሸክላ ቦይ ውስጥ እየታየ የሚግለው ስቶቭ ልጅ ባለበት ቤት ባይኖር እንመርጣለን። ድስት ገንፍሎ ሽቦው ላይ ሲፈስ ወይም ልጅ ማንኪያ ሲያስገባበት መብራቱ በቀጥታ ይይዘዋል። በብረት የተሸፈነው ባለ ድፍን ሳህን ስቶቭ ዋጋው ቢበልጥም፣ መጀመሪያ በእሱ መቀየር ያለበት ዕቃ ይህ ሽቦው የሚታየው ስቶቭ ነው። ድስቱ በግድግዳው በኩል ባለው ምድጃ ላይ ይጣድ፣ እጀታው ወደ ውስጥ ይዙር። ሹሮ፣ ገንፎና አጥሚት ከውሃ የሚከፉት ቆዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚቆዩ ነው፤ በተለይ ሲፈሉ የሚፈናጠሩትን ከድነው ያብስሏቸው።

የቡናው ሥርዓት ይቅር የሚል የለም። ቦታው ግን ይታሰብበት። ከሰሉን የግድግዳ ማዕዘን ውስጥ አስቀምጡት፤ ሁለቱን በኩል ግድግዳው ይይዛል፣ ሦስተኛውን የምታፈላዋ ትይዘዋለች፣ አራተኛውን ረከቦቱ ሳይሆን አንድ አዋቂ ሰው ይቀመጥበት። የምታፈላዋ ስትነሳ ጀበናው ከእሳቱ ወርዶ ማቶቱ ላይ ከረከቦቱ ጀርባ በግድግዳው በኩል ይሁን። ስኒ የያዘ ሰው ልጅ አይታቀፍ። ቡናው ካለቀ በኋላ የሚመጣው አደጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ረመጥ። ከላይ አመድ የለበሰ ፍም ውስጡ ለሰዓታት ቀይ ነው፤ በረንዳ ላይ የተደፋ ረመጥ ላይ የረገጠ ልጅ የእግሩ ሥር ጠልቆ ይቃጠላል፣ ቶሎ መንጠቅም አይችልም። ረመጡ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይደፋ፣ ውሃ ይፍሰስበት፣ በእንጨት ይገላበጥ፣ እንደገና ውሃ ይጨመርበት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነድም፤ ለማሞቂያም ቢሆን። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል፤ ያልተያያዘው ከሰል ውጭ ይያያዝ፣ ሲገባም መስኮት ይከፈት።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወለሉን ይዞ ይተኛል፤ ላይኛው መስኮት ብቻውን አያወጣውም፣ ስለዚህ በሩም ይከፈት። ሽታ ካለ መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለም፤ ሁለቱም ብልጭታ አላቸው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጎማው ከ1.50 ሜትር አይበልጥ፣ በሁለቱም ጫፍ በብረት ማሰሪያ ይጥበቅ። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ሬጉሌተሩንና ጎማውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል። ጎማው ሲታጠፍ ስንጥቅጥቅ የሚል ከሆነ ቴፕ አይጠቀለልበትም፣ ይቀየራል። ልጅ የምድጃውን ቁልፍ ማዞር ይወዳል፤ ስለዚህ አብስላችሁ ስትጨርሱ የምትዘጉት ሲሊንደሩ ላይ ነው።

ወጥ ቤቱ በር ከሌለው 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አጥር አናጢ ይሥራላችሁ። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ይሁኑ፤ አግድም ከሆኑ መሰላል ይሆኑለታል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ጭንቅላቱ እንዳይገባ። መቀርቀሪያው ከወጥ ቤቱ በኩል ይሁን።

የሚጠጡ የሚመስሉ ነገሮች

በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የቱቦ መክፈቻ ሶዳና የተባይ ማጥፊያው ማላታይን በሃይላንድ አይቀመጡም። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚያውቀው፤ በረኪናም ነጭ ጋዝም ውሃ ይመስላል። ከሱቅ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚመጣ ከሆነ ወዲያው ወደ ሌላ፣ ምግብና መጠጥ ተይዞበት ወደማያውቅ ዕቃ ይገልበጥ፣ ይጻፍበት። ከሲንኩ ሥር መጋረጃ አንጠልጥሎ እዚያ ማከማቸት የተለመደ ነው፤ መጋረጃ አያግድም። መጋረጃውን አንሥታችሁ በር አሠሩለት፣ ወይም መርዛሙን ሁሉ ከ1.60 ሜትር በላይ በተሰቀለ ባለ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ አድርጉ። እርጉዝ እናቶች የሚሰጣቸው የአይረን እንክብልም እዚያው ይግባ፤ ከረሜላ ይመስላል፣ ጥቂት ፍሬው ግን ለሕፃን አደገኛ ነው። በረኪና ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል።

አደጋ ከደረሰ

ለቃጠሎ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን ተዉት፤ ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ይውጣ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ቡና፣ በረዶ አይደረግበትም። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ለዚህ ብቻ የተቀመጠ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይኑራችሁ፤ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል በቀስታ ካፈሰሳችሁ ልክ 20 ደቂቃ ይበቃል። ወዲያው ማድረግ ካልተቻለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። የተቃጠለውን ቦታ ብቻ አቀዝቅዙ፤ ሌላው ገላው በብርድ ልብስ ይሸፈን፣ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ የሚበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መጋጠሚያና ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሐኪም ቤት ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው።

መብራት የያዘውን ልጅ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ከተለቀቀ በኋላ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው፤ የመብራት ቃጠሎ ከላይ ትንሽ፣ ከውስጥ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ወተትም አይሰጠው። ጉዳቱ የሚከፋው ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሲገባ ነው። በረኪናና ሶዳ የጠጣም አያስመልስም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ድጋሚ ያቃጥላል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፤ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ለ20 ደቂቃ እጠቡ። ካሳለው ወይም አተነፋፈሱ ከፈጠነ ጊዜ አትስጡት። ሃይላንዱን ወይም ዕቃውን ከቀረው ፈሳሽ ጋር ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደጠጣና ምን ያህል እንደጎደለ ለሐኪሙ ንገሩት።